ሦስት መዝገበ ቃላት በአንዲት «ሬዲ» ሲፈተኑ

መዝገበ ቃላት ስመርጥ ከባድ ቃል ፈልጌ አልፈትነውም። ከባድ ቃል ማንንም አያጋልጥም። «ፎቶሲንተሲስ»ን የትኛውም አፕ ላይ ጻፉት፣ አንድ ፍቺ ይመጣል፣ ያም ልክ ይሆናል። ጉድ የሚወጣው በትንንሾቹ ነው። ቀን ከሌት ከሰው አፍ በማትጠፋ፣ ሁሉም ሰው «አውቃታለሁ» በሚላት ቃል። የእኔ መፈተኛ የእንግሊዝኛዋ «ሬዲ» (ready) ናት።

ሥራዬ ትርጉም ነው። የዕቃ መመሪያ፣ የማሸጊያ ጽሑፍ፣ ደብዳቤ፣ አንዳንዴም የፊልም የግርጌ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ስለዚህ መዝገበ ቃላት ለእኔ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ጌጥ አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ የምይዘው መሣሪያ ነው። ዛሬ የምገመግማቸው ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ነፃ የእንግሊዝኛ አማርኛ አፕ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ስታስገቡለት ተርጉሞ የሚመልሰው ማሽን። ሦስተኛው ለተማሪዎች ተብሎ የተዘጋጀው እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ሦስተኛው በሰፊው ይበልጣል። ለምን እንደሆነ ግን ቃሏ ራሷ ታሳያችሁ።

ከአፑ እንጀምር። የዚህ ዓይነት አፖች ብዙ ናቸው፣ እርስ በርስም ይመሳሰላሉ። ጥሩ ጎናቸውን አልክድም። ስልክ ላይ ቦታ አይዙም። ኢንተርኔት ሲጠፋም ይሠራሉ። ገና ቋንቋውን ለጀመረ ሰው ከባዶ እጅ በእጅጉ ይሻላሉ። «ሬዲ» ብላችሁ ስትጽፉ በአብዛኛው የምታገኙት «ዝግጁ፣ የተዘጋጀ» የሚለውን ነው። ልክ ነው። «አር ዩ ሬዲ?» ላላችሁ ሰው «ዝግጁ ነህ?» ብላችሁ ብትተረጉሙ ማንም አይስቅባችሁም።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። «ዲነር ኢዝ ሬዲ» በአማርኛ ምን ይባላል? በአፑ ፍቺ ከሄዳችሁ «እራት ዝግጁ ነው» ይሆናል። እንደዚያ ብሎ ቤተሰቡን ወደ ገበታ የሚጠራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው የሚለው «እራት ደርሷል» ወይም «እራት ቀርቧል» ነው። ደግሞ «ሺ ዋዝ ሬዲ ቱ ክራይ» የሚለውን እዩት። «ለማልቀስ ዝግጁ ነበረች» ካልን ሴትዮዋ አስባበትና ሰዓት ይዛ የምታለቅስ ትመስላለች። እንግሊዝኛው የሚለው እንባዋ ሊፈስ ምንም አልቀረውም ነው። «ልታለቅስ ደርሳ ነበር።»

አስተውላችሁ ከሆነ እራቱም «ደረሰ»፣ ልቅሶውም «ደረሰ»። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ሰብል ይደርሳል። ልጅ ለትምህርት ይደርሳል። ጎረምሳ ለአቅመ አዳም ይደርሳል። እንግሊዝኛው «ሬዲነስ» እያለ ስንት ሰነድ የሚጽፍበትን ነገር፣ በተለይ የልጆችን ለትምህርት መብቃት፣ አማርኛ «ደርሷል» ብሎ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል። እኔ ካየኋቸው አፖች አንዱም «ሬዲ» ሥር «ደረሰ»ን አላስገባም። በእኔ እምነት ትልቁ ጉድለታቸው ይህ ነው። አንባቢው «ዝግጁ»ን ይዞ ይወጣና ሁሉም ቦታ ይለጥፈዋል። በቋንቋችን ውስጥ «ዝግጁ» ዛሬ እንዲህ የበዛው በዚህ መንገድ ይመስለኛል። ለመርዳት ዝግጁ፣ ለመተኛት ዝግጁ፣ ለአገልግሎት ዝግጁ፣ ለመክፈት ዝግጁ። ቃሉ ምን አጠፋ! መልካም ቃል ነው። ግን ጓደኞቹን ሁሉ ገፍቶ ብቻውን ቆሟል።

እስቲ ጥቂቶቹን ልጥራቸው። «ሂ ኢዝ ኦልዌይስ ሬዲ ቱ ሄልፕ» ስለሚባልለት ሰው እኛ «ለመርዳት ወደ ኋላ አይልም» እንላለን። «ኤ ሬዲ ስማይል» ያላት ሴት «ፈገግታ የማይለያት» ናት። «ኤ ሬዲ አንሰር» ያለው ሰው «መልስ ከአፉ አይጠፋም»። ሰበብ የሚያበዛውንም እንግሊዞች በዚሁ ቃል ይገልጹታል፣ እኛ ግን «ሰበብ አያልቅበትም» እንላለን። «ሬዲ ካሽ» በእጅ ያለ ገንዘብ ነው፣ የብሪታንያ ሰዎች በመንገድ ቋንቋ አሳጥረው «ዘ ሬዲስ» ይሉታል። ወታደሩ መሣሪያውን «አት ዘ ሬዲ» ሲይዝ አማርኛው «በተጠንቀቅ» የሚል ለዚያው የተሰፋ ቃል አለው። አንድ ሥራ «ረፍ ኤንድ ሬዲ» ከሆነ ደግሞ አላማረም፣ አልተወለወለም፣ ግን ለጊዜው ያገለግላል ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ «ዝግጁ» የሚለው ቃል የት ይገባል? የትም።

ስለዚህ ለአፑ ያለኝ አስተያየት አጭር ነው። ለጀማሪ ይሁን። ከጀማሪነት የወጣ ሰው ግን በእሱ ላይ ተማምኖ አንድ አንቀጽ አይተርጉም።

ማሽኑ ከአፑ ይሻላል። ምክንያቱም ቃሏን ብቻ ሳይሆን ዙሪያዋንም ያያል። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስታስገቡለት አንዳንዴ እኔንም የሚያስደስት ነገር ያወጣል። ረጅም ጽሑፍ ቶሎ ገረፍ አድርጌ ጭብጡን ለማወቅ ስፈልግ እጠቀምበታለሁ፣ ለዚያ ሥራ አሪፍ ነው። የማልወደው አንድ ጠባዩ ነው፦ ሁለት መንገድ ባለበት ቦታ አንዱን መርጦ ይሰጣችኋል፣ ሌላ መንገድ እንደነበረ ግን አይነግራችሁም።

ለዚህ የሚሆን አንድ የታወቀ ዓረፍተ ነገር አለ። የሥነ ልሳን መምህራን አሻሚነትን ሲያስተምሩ ያነሱታል። «ዘ ቺክን ኢዝ ሬዲ ቱ ኢት።» ዶሮው በስሏልና ኑ እንብላ ማለት ሊሆን ይችላል። ዶሮው ርቦታል፣ ጥሬ አምጡለት ማለትም ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ መልክ ይዟል፣ ምክንያቱም «ሬዲ ቱ» ስትል የድርጊቱ ባለቤት ማን እንደሆነ አትናገርም። በላተኛው እሱ ነው ወይስ ተበዪው? አይታወቅም።

አሁን አማርኛውን ጻፉት። «ዶሮው ሊበላ ነው።» ጮክ ብላችሁ አንብቡት። «በ»ን እና «ላ»ን አላልታችሁ ካነበባችሁ ዶሮው ጥሬውን ሊለቅም ነው። ሁለቱንም ካጠበቃችሁ ዶሮው ወጥ ሆኗል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ አሻሚነቱ ወረቀት ላይ ሳይጎድል ተሻግሯል! ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ለተርጓሚ እንዲህ ያለ ዕድል ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ነገር ግን ጽሑፉ በድምፅ የሚነበብ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለፊልም ቅጂ፣ አንባቢው አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። በዚያን ጊዜ «እዚህ ጋ ሁለት ትርጉም አለ» ብሎ የሚያስቆመው ሰው ያስፈልገዋል። ማሽኑ አያስቆመውም። በእርግጠኛነት አንዱን ይሰጠውና ያልፋል።

ወደ ሦስተኛው እንምጣ። ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀው እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የራሱ ታሪክ አለው። ሆርንቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጃፓን ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹ የቃሉን ፍቺ እያወቁ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማስገባት ያቅታቸዋል። እሱና ሁለት ባልደረቦቹ ያዘጋጁት መዝገበ ቃላት በ1942 ቶኪዮ ላይ ታተመ። በኋላ ኦክስፎርድ በ1948 እንደገና አወጣው፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ተማሪዎች የሚያውቁት የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ከዚያ የመጣ ነው። ሎንግማን ደግሞ በ1978 ያወጣው ሁሉንም ፍቺዎች ወደ 2000 በሚጠጉ ቀላል ቃላት ብቻ የሚጽፍ ነው። አንድን ቃል ለመረዳት ሌላ የማታውቁትን ቃል ፍለጋ አትሄዱም። ሁለቱም ዛሬ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ።

የሆርንቢ ሐሳብ ቀላል ነው። ተማሪው የሚቸገረው «ይህ ቃል ምን ማለት ነው» በሚለው ብቻ አይደለም። «ከማን ጋር ይቆማል፣ የት ይቀመጣል» የሚለውም ያስቸግረዋል። «ሬዲ»ን በዚህ ዓይነት መዝገበ ቃላት ስትከፍቱ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ፍቺው ላይ ሳይሆን አጠገቡ ባለች ትንሽ ማስጠንቀቂያ ላይ ይሁን፦ ቃሏ በዚህ ፍቺዋ ከስም በፊት አትገባም የምትል ማስታወሻ ናት። ብዙ ሰው ይዘላታል። እኔ ግን መዝገበ ቃላቱን የምወድበት ዋናው ምክንያት እሷ ናት።

ምን ማለት ነው? በአማርኛ «ተማሪው ዝግጁ ነው» እና «ዝግጁ ተማሪ» ሁለቱም ያስኬዳሉ። በእንግሊዝኛ ግን «ዘ ስቱደንት ኢዝ ሬዲ» ትላላችሁ እንጂ «ኤ ሬዲ ስቱደንት» አትሉም። ጆሮ ይቆረቁራል። ምግቡ «ሬዲ» ነው ይባላል፣ «ሬዲ ፉድ» ብሎ ግን ስም ፊት ማስቀመጥ አያስኬድም፣ «ሬዲሜድ» ወይም «ሬዲ ቱ ኢት» የሚል ቅጥያ ይፈልጋል። ታዲያ «ሬዲ ስማይል» እንዴት ተባለ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ቃሏ ከስም በፊት ስትመጣ ትርጉሟን ትለውጣለች። ከስም በኋላ ሆና «ተዘጋጅቷል» የምትለው ቃል ከስም በፊት ስትቀመጥ «ፈጣን፣ ቅርብ፣ ሳይጠሩት የሚመጣ» ማለት ትሆናለች። ፈገግታው ቅርብ ነው፣ መልሱ ፈጣን ነው፣ ገንዘቡ እጅ ላይ ነው። ቦታዋን ካወቃችሁ ትርጉሟን ግማሽ በግማሽ አወቃችሁ። አፑ ይህን ሊነግራችሁ አይችልም። ማሽኑም ያውቀው ይሆናል እንጂ አያስረዳችሁም።

ሁለተኛው የማደንቀው ነገር መስተዋድዶቹን ለይቶ ማስቀመጡ ነው። «ሬዲ ቱ» ግስ ታስከትላለች፣ «ሬዲ ፎር» ስም። ይህን ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ግን «አይም ሬዲ ፎር ኤ ብሬክ» የሚል ሰው ለእረፍት እየተዘጋጀ እንዳልሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? ደክሞታል፣ ማረፍ አምሮታል። «ኧረ ትንሽ እንረፍ!» ነው የሚለው። ጥሩ የተማሪ መዝገበ ቃላት ይህን ለብቻው ነጥሎ «መፈለግ፣ ማስፈለግ» በሚል ያስቀምጠዋል። «ቢ ሬዲ» እና «ጌት ሬዲ»ም እንደዚሁ ተለይተው ተቀምጠዋል። አንዱ ሁኔታ ነው፣ አንዱ ሥራ ነው። «ተሰናድቻለሁ» እና «እየተሰናዳሁ ነው»። በር ላይ ቆሞ ለሚጠብቃችሁ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የጠቀመኝ «ሬዲ»ን ከ«ፕሪፔርድ» ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማነጻጸሩ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በደብዳቤ ትርጉም ላይ ዋጋ የሚያስከፍል ጉዳይ ነው። ሁለቱም «የተዘጋጀ» ይባላሉ። አንድ ድርጅት «ዊ አር ኖት ሬዲ ቱ ሳይን» ብሎ ቢጽፍላችሁ «ለመፈረም ገና ነን፣ ጊዜ ስጡን» ማለቱ ነው። «ዊ አር ኖት ፕሪፔርድ ቱ ሳይን» ካለ ግን «አንፈርምም» እያለ ነው። እምቢታ ነው፣ በጨዋ ልብስ የመጣ እምቢታ። ይህን «ለመፈረም አልተዘጋጀንም» ብሎ የተረጎመ ሰው ተቀባዩን ለከንቱ ጥበቃ ይዳርገዋል። ተቀባዩ «እስኪዘጋጁ እንጠብቅ» ይላል። ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይቀየማል። «ፕሪፔርድ ቱ» በአዎንታም ቢሆን ፈቃድን ነው የሚያሳየው። «አይም ፕሪፔርድ ቱ ዌይት» ማለት «ልጠብቅ ፈቃደኛ ነኝ፣ ቢከብደኝም» ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ስስ ልዩነት በምሳሌ ዓረፍተ ነገር ደግፎ የሚያሳይ መሣሪያ በእጄ በመኖሩ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ድምፁንም ልጥቀስ። አንዲት ምልክት ነክታችሁ አነባበቡን ትሰማላችሁ፣ የብሪታንያውንም የአሜሪካውንም። የቃሏ አጻጻፍ ላይ ያሉት ሁለት አናባቢዎች «ሪዲ» እንድትሏት ይገፋፏችኋል። ድምፁን አንዴ ከሰማችሁ ጣጣው ያልቃል።

ጉድለቱስ? አለው። የተማሪ መዝገበ ቃላት የመጽሐፍና የንግግር እንግሊዝኛን ያውቃል፣ የማሸጊያ እንግሊዝኛን ግን በበቂ አያውቅም። ዛሬ «ሬዲ» የምትኖረው ግን እዚያ ነው። ካርቶን ላይ፣ ጣሳ ላይ፣ የዕቃ መመሪያ ላይ። እዚያ ላይ ደግሞ ስህተቱ የሰዋስው ስህተት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የሕፃናት ወተት ጣሳን ውሰዱ። በሦስት መልክ ይመጣል። ዱቄት አለ፣ በውሃ የሚቀጥን ወፍራም ፈሳሽ አለ፣ ሦስተኛው ደግሞ «ሬዲ ቱ ፊድ» የሚል ተጽፎበታል። ይህ የመጨረሻው እንዳለ የሚሰጥ ነው። ውሃ አይጨመርበትም። ውሃ ከጨመራችሁበት ሕፃኑ ሆዱ ይሞላል እንጂ የሚያስፈልገውን ምግብ አያገኝም። አሁን ይህን «ለመመገብ ዝግጁ» ብላችሁ ተርጉሙትና ለአንዲት ለደከማት እናት ስጧት። ምን ትረዳለች? ዱቄቱም እኮ በእሷ ዓይን ለመመገብ የተዘጋጀ ነው። እኔ «እንዳለ የሚሰጥ፣ ውሃ አይጨመርበትም» ብዬ እጽፋለሁ። ቃሉ ይረዝማል፣ ይርዘም። «ሬዲ ቱ ኢት» እና «ሬዲ ቱ ኩክ»ም ማሸጊያቸው ይመሳሰላል። የመጀመሪያው ከፍቶ መብላት ነው። ሁለተኛው ታጥቦ፣ ተከትፎ፣ ምናልባት ቅመም ገብቶበት ይሆናል፣ ግን ጥሬ ነው፣ እሳት ይፈልጋል። ሁለቱን «ዝግጁ ምግብ» በሚል አንድ ስም መጥራት ሰው ሆድ ውስጥ ጥሬ ሥጋ ማስገባት ነው።

ኤሌክትሮኒክስ ላይ ስትሄዱ ቃሏ ሌላ ጠባይ ታወጣለች። በ2005 አውሮፓ ውስጥ ቴሌቪዥኖች ላይ «ኤችዲ ሬዲ» የሚል ምልክት መለጠፍ ተጀመረ። ምልክቱ ስክሪኑ ቢያንስ 720 መስመር እንዳለው እና ጥራት ያለውን ምስል ከውጭ መቀበል እንደሚችል ይመሰክር ነበር። ምስሉን የሚያመጣው መቀበያ ግን ውስጡ አለ ማለት አይደለም። 1080 መስመር ካለው «ፉል ኤችዲ» ጋርም አንድ አይደለም። እዚህ ላይ «ሬዲ» ማለት «የሚቀረውን ብታመጡለት ይቀበላል» ማለት ነው። የምግቡ «ሬዲ» ምንም አልቀረኝም ሲል፣ የዕቃው «ሬዲ» የሚቀረኝ ነገር አለ ይላል። ያው አንድ ቃል! «ሶላር ሬዲ» የተባለ ጣሪያም ፓነል የተገጠመለት ሳይሆን ፓነል ሊገጠምለት የሚችል ነው። ማንኛውም ገዢ ሊያውቀው የሚገባ ልዩነት ይህ ነው፣ መዝገበ ቃላቱ ግን እንዲህ አፍረጥርጦ አያሳየውም። የግንባታ ሰዎች ቃሏን እንዳለች ወስደው «ሬዲሚክስ» ይላሉ፣ ተቦክቶ በመኪና የሚመጣ ኮንክሪት ነው፤ እነሱ ዘንድ ግርታ የለም፣ ምክንያቱም ዕቃውን በዓይናቸው ያዩታል።

የተማሪ መዝገበ ቃላት የማይሰጣችሁ ሌላው ነገር የቃሉ የትውልድ ሐረግ ነው። እሱን የምትፈልጉ ከሆነ ወደ ታሪካዊ መዝገበ ቃላት ሂዱ። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የመጀመሪያ ክፍሉ በ1884፣ የመጨረሻው በ1928 የወጣ ግዙፍ ሥራ ነው፣ ግን ክፍያ ይጠይቃል። በነፃ የሚሆነው ከ2002 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚጻፈው ዊክሽነሪ ነው። እዚያ «ሬዲ» የጀርመንኛው «ቤራይት» ዘመድ መሆኗን ታያላችሁ። «ኦልሬዲ» የምትለዋ ቃልም ጥንት «ኦል» እና «ሬዲ» ሆነው ለየብቻ ይሄዱ ከነበሩ ሁለት ቃላት የተሠራች ናት። ሙሉ በሙሉ ተዘጋጅቷል ይል የነበረው ቀስ በቀስ «ቀድሞውኑ» ሆነ። ዛሬም ሁለቱ ጎን ለጎን አሉ። «ዊ አር ኦል ሬዲ» ተለያይቶ ሲጻፍ «ሁላችንም ደርሰናል»፣ ተያይዞ ሲጻፍ «አስቀድሞ»። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎችም ሲጽፉ ይምታታባቸዋል።

ታሪክ ካነሳን አይቀር አንድ ንጉሥ ልጨምር። ከ978 እስከ 1016፣ መሃል ላይ በስደት ከዙፋኑ የራቀበት ጊዜ ሳይቀነስ፣ እንግሊዝን የገዛ አቴልሬድ የሚባል ንጉሥ ነበር። ታሪክ «አቴልሬድ ዘ አንሬዲ» ብሎ ያውቀዋል። በቀጥታ የተረጎመው ሰው «ያልተዘጋጀው አቴልሬድ» ይለዋል። አይደለም። ቅጽሉ የመጣው «ሬዲ» ከሚለው ቃል ሳይሆን በድሮው እንግሊዝኛ ምክር ማለት ከሆነው «ራድ» ነው። የንጉሡ ስም ራሱ «ክቡር ምክር» ማለት ነበርና ቅጽሉ በስሙ ላይ የተሠራ ቅኔ ነው፦ ክቡር ምክር፣ ምክር አልባው። «መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» በሚል ተረት ላደገ አማርኛ አንባቢ ደግሞ «መካሪ አልባው አቴልሬድ» ማለት ከየትኛውም ትርጉም ይልቅ ቶሎ ይገባዋል። እሱ ግን ያለ መካሪም ቢሆን ብዙ ዓመት ነገሠ። የተማሪ መዝገበ ቃላት ይህን ሊነግራችሁ አይገደድም፣ ሥራውም አይደለም። የታሪክ መጽሐፍ የምትተረጉሙ ከሆነ ግን በአንድ መዝገበ ቃላት ብቻ አትቆሙ።

ስለዚህ ምን ልግዛ፣ ምን ላውርድ ለምትሉኝ። ተማሪ ከሆናችሁ የተማሪውን ኢንተርኔት ላይ በነፃ ክፈቱ፣ መክፈል አያስፈልጋችሁም። መጀመሪያ ላይ እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ማንበብ ያደክማል፣ እውነት ነው። ፍቺው ካልገባችሁ ምሳሌዎቹን አንብቡ፣ ከፍቺው ይልቅ ምሳሌው ያስተምራል። አፑን አትሰርዙት፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ይጠቅማል። ማሽኑን ጭብጥ ለመያዝ ተጠቀሙበት፣ ውል፣ የመድኃኒት መመሪያና የማሸጊያ ጽሑፍ ግን አታስነኩት፣ ቢያንስ ሰው ሳያየው አይውጣ። ተርጓሚ ከሆናችሁ ደግሞ የተማሪውም፣ ታሪካዊውም፣ ጥሩ አማርኛ በአማርኛ መዝገበ ቃላትም ሊኖራችሁ ይገባል። እንግሊዝኛው ቢገባችሁም «ደረሰ»ን የሚያስታውሳችሁ የኋለኛው ነው።

የእንግሊዝኛ አማርኛ አፕ የምትሠሩ ወጣቶች ይህን ካነበባችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። «ሬዲ» ሥር ያለችውን አንዲት መስመር አስፉልን። ከስም በኋላ ስትመጣ «ደረሰ፣ ቀረበ፣ ተሰናዳ፣ ዝግጁ» በሉ። ግስ ስታስከትል «ሊ… ደረሰ፣ ሊ… ምንም አልቀረው» የሚለውን ጨምሩ፣ ለሰው ጠባይ ሲሆን «ወደ ኋላ አይልም» የሚለውን። ከስም በፊት ስትሆን «ቅርብ፣ ፈጣን፣ በእጅ ያለ» በሉ። መሣሪያ ከያዘ ሰው ጋር «በተጠንቀቅ»። ማሸጊያ ላይ ስትሆን «እንዳለ የሚበላ» እና «ለማብሰል የተሰናዳ፣ ጥሬ» ብላችሁ ለዩልን። «ኦልሬዲ»ን ግን እዚህ ሥር አትጨምሯት፣ ለብቻዋ አውጧት።